የሠርግ ካሴት «ፍላሽ ላይ ገብቷል» ተብሎ አይጣልም

በብዙ ቤት ቁም ሳጥን አናት ላይ፣ አቧራ በለበሰ ካርቶን ውስጥ ጥቁር የቪዲዮ ካሴት አለ። ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ «ሠርግ»፣ «መልስ»፣ «ክርስትና» ይላል። ማጫወቻው ዴክ ተበላሽቶ ከተጣለ ቆይቷል። ካሴቱ ውስጥ ግን ዛሬ በሕይወት የሌሉ አባት ቆመው ይመርቃሉ፤ አያት እልል ይላሉ። የስንቱ ሰው የወላጅ ድምፅ የቀረው እዚያ ብቻ ነው። ፎቶማ አልበም ሙሉ አለ፤ ፎቶ ግን አይናገርም።

አንድ ቀን ከልጆቹ አንዱ ካሴቱን ይዞ ፎቶ ቤት ይሄዳል። በማግስቱ ፍላሽ ይቀበላል። ካሴቱን ወይ እዚያው ይተወዋል፣ ወይ ቤት ወስዶ ይጥለዋል። ጥፋቱ እዚህ ጋ ነው፤ ፍላሹ ላይ የተገለበጠው ካሴቱ ላይ ካለው በእጅጉ ሊያንስ ይችላልና።

ሥራው ቀላል ይመስላል፦ ገመድ መሰካት፣ ማጫወት፣ መቅዳት። ጥራቱን የሚወስነው ግን ከኮምፒውተሩ ይልቅ ዴኩ ነው። ሄዱ የቆሸሸ ዴክ ምስሉን ያበላሸዋል። የሚንቀጠቀጥ ምስልን የሚያረጋጋ ቲቢሲ የሚባል መሣሪያ አለ፤ አንዳንድ ደህና የኤስ-ቪኤችኤስ ዴኮች ውስጥ አብሮ ይገኛል። ቢጫዋን ገመድ ትቶ በኤስ-ቪዲዮ ማውጣትም ምስሉን ያጠራዋል። ክሩ ከሻገተ ደግሞ ሳይጸዳ ዴክ ውስጥ ማስገባት ካሴቱንም ዴኩንም መግደል ነው።

«በኤችዲ እናወጣለን» የሚለው ማስታወቂያ ባዶ ወሬ ነው። ቪኤችኤስ በአግድም የሚይዘው ዝርዝር 240 መስመር ገደማ ነው፤ ያልተቀረጸ ነገር ከየትም አይመጣም። የባሰው ደግሞ ሰፊውን ቲቪ ለመሙላት ምስሉን ለጥጦ ሙሽራዋን ማወፈር ነው።

ትልቁ ፈተና እስክስታ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የተቀረጸ ካሴት በፓል ሥርዓት በሰከንድ 50 ግማሽ ምስል ይይዛል። ቀጂው ሁለት ሁለቱን ዝም ብሎ ካጣበቃቸው የሚወርድ የሚወጣው ትከሻ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይሰነጣጠቃል። ግማሾቹን ከጣለ ደግሞ እስክስታው ይቆራረጣል። ካሴቱ ከአሜሪካ ከዘመድ የተላከ ከሆነ ሥርዓቱ ኤንቲኤስሲ ነው፤ እሱን የሚያጫውት ዴክ ይፈልጋል።

ፎቶ ቤቶቹን ብቻ መውቀስ ግን ፍትሕ አይሆንም። ደንበኛውም ርካሹን ይጠይቃል፤ በአንዲት ትንሽ ፍላሽ ሦስት ካሴት እንዲገባለት ይፈልጋል። በዲቪ ፎርማት የአንድ ሰዓት ቅጂ ብቻ 13 ጊጋባይት ገደማ ይይዛል። በቴሌግራም ለዘመድ የሚላከው ትንሹ ቅጂ ከትልቁ ሊወጣ ይችላል፤ ከትንሹ ትልቁን ማውጣት ግን የለም። ለሠርጉ ድንኳን፣ ለቬሎው፣ ለመኪናው ያን ያህል ያወጣ ቤተሰብ ለሃርድ ዲስክ መሰሰቱ ይገርማል።

ጊዜውም እየጠበበ ነው። የመጨረሻው የታወቀ ዴክ አምራች፣ የጃፓኑ ፉናይ፣ ማምረት ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ዛሬ የሚሠራ ዴክ ሁሉ አሮጌ ነው፤ መለዋወጫው የሚገኘውም ከሌላ አሮጌ ዴክ ተፈትቶ ነው።

እና ፍላሹን ሊቀበል የሄደ ሰው ሒሳብ ከመክፈሉ በፊት ጭፈራው ያለበትን ቦታ አስከፍቶ ትከሻውን ይመልከት። ከተሰነጣጠቀ እንደገና ይቀዳ። ካሴቱ ግን ያም ሆነ ይህ ወደ ቤት ይመለስ።