ደረሰኙ ሳይነጣ ፎቶ ይነሳ

ይፋግ በንግድ ስሟ የታወቀች ጥንታዊ የገበያ ከተማ ናት፤ በጎንደርና በጎጃም መካከል የሚመላለሰው ሲራራ ነጋዴ አሞሌውን ጭኖ ያርፍባት ነበር። ያኔ ሒሳብ በቃልና በምስክር ይያዝ ነበር። የዛሬው የይፋግና የወረታ ሩዝ ነጋዴ ግን ደረሰኙን በከረጢት አጭቆ ያስቀምጣል፤ በተፈለገ ጊዜ ሲያወጣው ደግሞ ነጭ ወረቀት ሆኖ ያገኘዋል።

የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን በቀለም አይጽፍም፤ ፊደሉ በወረቀቱ ላይ የሚወጣው በሙቀት ነው። በሙቀት የመጣው በሙቀት ይጠፋል፤ የአካባቢው የቆርቆሮ ጣሪያ ሙቀት ደግሞ ለዚህ አያንስም። ላስቲክ ውስጥ መክተትም ያብስበታል እንጂ አያድነውም። ክረምት ሲገባ ደግሞ የርብና የጉማራ ወንዞች ጎርፍ አለ።

በ2008 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ታክስ አስተዳደር አዋጅ የግብር ስሌት እስከ 5 ዓመት ወደ ኋላ ተመልሶ እንዲከለስ ይፈቅዳል። ደረሰኙ ነጥቶበት ወጪውን በሰነድ ማስረዳት ያልቻለ ነጋዴ ላላተረፈው ትርፍ ግብር ይከፍላል።

ለመፍትሔው ውድ ሶፍትዌር አያስፈልግም። ደረሰኙን በተቀበሉበት ዕለት በስልክ ፎቶ ማንሳት፣ በየወሩ ለይቶ ማስቀመጥ፣ ቅጂውንም ፍላሽ ላይ ማኖር ለአነስተኛ ነጋዴ ይበቃል። ዋናው ወረቀት ግን አይጣል። የቴሌብር መልእክትም ገንዘብ መከፈሉን ያሳያል እንጂ የግዥ ደረሰኝን አይተካም፤ ይህን የሚያምታታው ብዙ ነው።

የወረዳ ገቢዎች ጽሕፈት ቤቶች የግብር መክፈያውን ሐምሌን ቁጭ ብለው አይጠብቁ። በገበያ ቀን ወጥተው፣ የነጋዴውን ስልክ በእጁ አስይዘው አሠራሩን ያሳዩት።