የተማረ ልጅን ሥራ ለማስያዝ ከነጋዴው የሚጠበቀው

ልጅን ማስተማር በአገራችን ነጋዴ ዘንድ እንደ ወጪ ሳይሆን እንደ ክብር የሚቆጠር ነው። የሸቀጥ መደብር ያለውም ሆነ በጅቡቲ ወደብ ዕቃ የሚያስመጣው፣ ከትርፉ ቀንሶ ልጁን እስከ ሁለተኛ ዲግሪ ለማድረስ ይደክማል። ይሁን እንጂ ከምረቃው ድግስ በኋላ ስለሚመጣው ጉዳይ፣ ይኸውም የተማረው ልጅ በምን መንገድ ወደ ሥራ እንደሚገባ፣ የትምህርቱን ያህል ሲታሰብበት አይታይም። እኔ በደጋን ከተማ በአንድ የእህልና የማሾ ነጋዴ ዘንድ ጸሐፊ ነኝ፤ ትምህርቴም ከሁለተኛ ደረጃ አላለፈም። ሆኖም የሥራ ማስታወቂያ መጻፍና የሚመጣውን ማመልከቻ ተቀብሎ መመዝገብ የዘወትር ተግባሬ ስለሆነ፣ በዚህ ረገድ ያስተዋልሁትን ለነጋዴ ወንድሞቼና እኅቶቼ ማካፈል ተገቢ መስሎ ታየኝ።

ያለፈውን ጊዜ ማስታወስ ለነገሩ ይጠቅማል። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪው ዲግሪውን ሳይቀበል በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ወጥቶ ያገለግል ነበር። ስለዚህ ዲግሪውን በተቀበለ ጊዜ ሥራ ምን እንደሆነ አስቀድሞ ያውቅ ነበር። በደርግ ዘመንም ምሩቁ ሥራ የሚይዘው በመንግሥት ምደባ ስለነበር፣ ወላጅ የሚጨነቀው «ልጄ ወዴት ይመደብ ይሆን» ብሎ እንጂ «ሥራ ያገኝ ይሆን» ብሎ አልነበረም። ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ወዲህ ግን ምደባው ቀርቶ ሸክሙ ወደ ቤተ ሰብ ተሻገረ። የድኅረ ምረቃ ትምህርትም በ1970ዎቹ መግቢያ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሲጀመር የጥቂቶች ዕድል ነበር፤ ዛሬ ወሎ ዩኒቨርሲቲ እንኳ እዚሁ በደጃችን የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ይሰጣል። የተማረው ቁጥር ሲበዛ የሥራው ቦታ በዚያው ልክ አልሰፋም። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲመረቅ ብዙ ተስፋ ተጥሎበት ነበር። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ግን ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ደረሰባቸው፤ ፋብሪካውም መደብሩም ተዘረፈ። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ደግሞ አገራችን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ዕቃ የምትልክበት ዕድል ተቋረጠ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ምሩቁን በር ላይ የሚያስቀረው እኛው ራሳችን የምንጽፈው ማስታወቂያ ነው። ማስታወቂያው «ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ የሥራ ልምድ» ይላል። ሁለተኛ ዲግሪ ይዞ የመጣው ወጣት ልምድ የለውምና ከከፍተኛው ቦታ ይመለሳል። ልምድ ወደማይጠየቅበት ዝቅተኛ ቦታ ሲያመለክት ደግሞ «ትምህርትዎ ለዚህ ቦታ ይበዛል፤ ነገ ጥለውን ይሄዳሉ» ይባላል። ብዙዎቹ ሁለተኛውን ዲግሪ የያዙት በመጀመሪያው ሥራ ስላጡ መሆኑን ስናስብ፣ ትምህርቱ ራሱ መጠበቂያ ሆኖ ጥበቃውን አራዘመው ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ነጋዴ አባቶች የሚወስዱት መፍትሔ ልጁን በራሳቸው መደብር ማስቀመጥ ነው። አሳቡ የሚነቀፍ አይደለም፤ አፈጻጸሙ ግን ልጁን ይጎዳል። ልጁ ከአባቱ ሱቅ ሲውል የሥራ ውል አይጻፍለትም። ደመወዙም ሲያስፈልገው ከመሳቢያ የሚወስደው ገንዘብ ነው፤ በደመወዝ መክፈያው ዝርዝር ላይ ስሙ አይገኝም። ሦስት ዓመት ሠርቶ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ሲያመለክት፣ ከግል ድርጅት የሚቀርብ የልምድ ማስረጃ የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑ መረጋገጥ አለበት ይባላል። ግብር ያልተከፈለበት ሦስት ዓመት እንዳልተሠራ ይቆጠራል። እንግዲህ አባት ጥቂት ብር ያተረፈ መስሎት የልጁን ሦስት ዓመት አጥፍቶበታል። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ በ2003 ዓ.ም. በአዋጅ ስለተደነገገ፣ አሠሪው 11 በመቶ ሠራተኛውም 7 በመቶ ያዋጣሉ። በዚህ መዝገብ ስሙ የገባ ወጣት ሠርቶ መኖሩን የሚመሰክርለት የአባቱ ቃል ብቻ አይሆንም።

ሌላው መንገድ ዘመድ መፈለግ ወይም ለደላላ መክፈል ነው። በገንዘብ የተገዛ ቦታ የገዛውን ሰው እስከ መጨረሻው ባለ ዕዳ ያደርገዋል፤ ክፍያውም ብዙ ጊዜ ያለ ቦታ ይቀራል። ሦስተኛውን መንገድ ደግሞ በደጋን የምንኖር ሁሉ እናውቀዋለን። በባቲና በአፋር በኩል ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያም ባሕር ተሻግሮ በየመን ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ የሚወስደው ጎዳና በደጃችን ያልፋል። ሥራ ያጣ ወጣት ዲግሪውን ሣጥን ውስጥ ቆልፎ ይህንን ጎዳና ሲመለከት፣ ወላጅ ዝም ብሎ የሚያድርበት ጉዳይ አይደለም።

እኔ የማቀርበው አሳብ ይህ ነው፤ ነጋዴ ነጋዴን ይርዳ፣ ልጅን በልጅ ይለዋወጥ። የእህል ነጋዴው ልጅ በኮምቦልቻ የሕንፃ መሣሪያ አስመጪ ዘንድ ይቀጠር፤ የአስመጪው ልጅ በደሴ በጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ቤት ይሥራ፤ የጨርቁ ነጋዴ ልጅ ደግሞ ወደ ደጋን መጥቶ የማሾን ንግድ ይልመድ። ውል ተጽፎ፣ ደመወዝ ተቆርጦ፣ ግብርና ጡረታ ተከፍሎ ይሁን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው፣ አንዱ ነጋዴ ብቻውን የማይችለው ለምክር ቤቱ አባላት በሙሉ ቀላል ነው። ልጁም በባዕድ አሠሪ ሥር ሲሆን በሰዓቱ መግባትን፣ ታዝዞ መሥራትንና ሒሳብ ማስረከብን ይማራል፤ አባቱ ሊገሥጸው ያልቻለውን የሌላው አለቃ ይገሥጸዋል።

«ሁለተኛ ዲግሪ ላለው ሰው በእኛ ቤት ምን ሥራ አለ?» የሚል ይኖር ይሆናል። ሥራውስ ሞልቷል። የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ዕቃ ታዝዞ እስኪገባ ድረስ ዋጋው ስለሚለዋወጥ ወጪውን አስቀድሞ አስልቶ የሚያቀርብ ሰው ያስፈልጋል። የጉምሩክ ሰነድ በኤሌክትሮኒክስ አንድ መስኮት አገልግሎት የሚቀርብ በመሆኑ፣ ዲክላራሲዮኑን ከባንኩ ሰነድ ጋር የሚያመሳክር ዓይን ያሻል። ማሾ ወደ ኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሲቀርብ በደረጃ ተለይቶ ስለሚሸጥ፣ የእርሻ ትምህርት የተማረ ልጅ ከገበሬው እጅ ጀምሮ ጥራቱን ቢጠብቅ ጥቅሙ በዋጋው ላይ ይታያል። ብዙዎቻችን ይህንን ሁሉ የምንሠራው በልማድና በስልክ ነው፤ ስሕተቱም የሚታወቀን ገንዘቡ ከወጣ በኋላ ነው።

መቃወሚያዎችም አይጠፉም። አንደኛው የንግድ ምስጢር ይወጣል የሚለው ነው፤ ይህ ስጋት ከንቱ አይደለም። ስለሆነም ልጁ ከአባቱ ንግድ ጋር ወደማይፎካከር ቤት ቢሰጥ ይሻላል እንጂ የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ወደ ሌላ ጨርቅ ነጋዴ አይሂድ። ሁለተኛው የደመወዙ ነገር ነው። ለዲግሪው ሳይሆን ለሥራው ተገቢውን ደመወዝ መክፈል ይበቃል፤ ወጣቱም ይህንን አውቆ ይግባ። ሦስተኛው «ባይሆንስ?» የሚለው ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜው እስከ 60 የሥራ ቀናት ስለሆነ፣ ሁለቱም ወገኖች ለመተዋወቅ በቂ ጊዜ አላቸው። ባይሆን በሰላም ይለያያሉ፤ በአባቶች መካከል ያለው ወዳጅነት በዚህ ሊበላሽ አይገባም።

ይሁን እንጂ ይህ ልውውጥ በነጋዴ ልጆች መካከል ብቻ ተዘግቶ ከቀረ፣ ዘመድ ከዘመዱ አህያ ከአመዱ የሚባለው ይሆንና እኛው የምንነቅፈውን አድልዎ በአዲስ ስም መሥራታችን ነው። ማሾውን የሚያመርትልን ገበሬ፣ ዕቃችንን የሚያወርደው ወዛደር፣ እነርሱም ያስተማሩት ልጅ አላቸው፤ የሚለዋወጡበት መደብር ግን የላቸውም። ስለዚህ ሁለት ቦታ በልውውጥ ሲያዝ አንድ ቦታ ልምድ ሳይጠየቅ በግልጽ ማስታወቂያ ይውጣ፤ ተወዳድሮ ያሸነፈውም ይግባ።

ለወላጆችም አንድ ቃል አለኝ። ልጁን ለማስቀጠር ከበር ማድረስ እርዳታ ነው፤ በሩን አብሮ መግባት ግን ልጁን ያሳንሰዋል። ማመልከቻውን ራሱ ይጻፍ፤ ለጥያቄውም ራሱ ይቅረብ። አባት ለአሠሪው እየደወለ ስለ ልጁ ደመወዝና ዕረፍት ቢከራከር፣ ልጁ በዚያ ቤት ዘወትር የእገሌ ልጅ ሆኖ ይቀራል። ከዚህ ይልቅ እስከ መጀመሪያው ደመወዝ ድረስ የቤት ኪራዩንና የመጓጓዣውን ቢሸፍንለት፣ መቼ ራሱን እንደሚችልም ቀን ቆርጠው ቢነጋገሩ ይበልጥ ይጠቅመዋል። ሴት ልጆቻችንንም በዚሁ ሚዛን እንመልከታቸው፤ እኩል ወጪ አውጥተን አስተምረናቸው ሥራ ፍለጋው ሲመጣ ለትዳር እንድትጠብቅ ብቻ ማድረግ ለትምህርቷ የወጣውን ገንዘብም ልፋትም ማባከን ነው።

በመጨረሻም ንግድ ምክር ቤቱ አንድ መዝገብ እንዲከፍት በትሕትና አሳስባለሁ። በአንዱ ገጽ ሠራተኛ የሚፈልገው ነጋዴና የሥራው ዓይነት፣ በሌላው ገጽ ሥራ የሚፈልገው ምሩቅና ትምህርቱ ይጻፍ፤ በየሳምንቱም በዚህ ጋዜጣ ይውጣ። ይህንን ለማድረግ የሚያስፈልገው አንድ ጸሐፊና አንድ ደብተር ብቻ ነው። ልጆቻችንን ለማስተማር ያላነሰው ቆራጥነታችን፣ ከእነርሱ ጋር የመጀመሪያውን የሥራ ውል እስከ መፈራረም ይድረስ።