«ቆይ» የምትባል ቃል

ዛሬ ስለ ባልና ሚስት አላወራም፤ ለእነሱ ሌላ ሳምንት አለን። የዛሬው ጉዳዬ ከአንዲት የስድስት ዓመት ልጅ ጋር ነው። የታላቅ እህቴ ልጅ ናት። እናትየዋ ለሥራ ዐረብ ሀገር ከሄደች ሦስት ዓመት አልፏታል። ልጅቷን እዚሁ ቡታጅራ የማሳድጋት እኔ ነኝ።

ልጅ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። «ነይ እዪ! ነይ እዪ!» ይላሉ። ምን ተገኘ ብላችሁ ብትሄዱ ጉንዳን የእንጀራ ፍርፋሪ ተሸክሞ ሲሄድ ነው። የእኔ መልስ ታዲያ አንድ ነበር፤ «ቆይ!» ወጡ ይብሰል፣ ቆይ። ልብሱ ይታጠብ፣ ቆይ። ጉንዳኑ ግን አይቆይም። ሥራዬን ጨርሼ ስወጣ ጉንዳኑም የለ፣ ልጅቷም ሌላ ነገር ይዛለች።

አንድ እሑድ ልካሳት ብዬ ሐረ ሸይጣን ወሰድኳት። ለማታውቁት፣ ከቡታጅራ ወደ ወራቤ በሚወስደው መንገድ ሄድ ብሎ፣ ስልጤ ዞን ውስጥ የሚገኝ ሐይቅ ነው። ጥንት እሳተ ገሞራ ምድሩን አፈንድቶ የተወው ጉድጓድ ነው፤ ዙሪያው ገደል፣ ከታች አረንጓዴ ውሃ። አፋፉ ላይ ሆናችሁ ስታዩት ቅርብ ይመስላል። የሀገሩ ሰው ግን «ጉልበተኛ ነኝ ያለ ድንጋይ ይወርውር፣ ውሃው ላይ አይደርስለትም» ይላል። ሸይጣኑ ይቀልበዋላ! እኔም በልጅነቴ ትከሻዬ እስኪዝል ሞክሬዋለሁ።

ልጅቷ ወረወረች። ድንጋዩ ሄደ፣ ሄደ፣ ጠፋ። ጧ የሚል ድምፅ እንኳ የለም። «አክስቴ፣ የት ገባ?» ስትል ሰማኋት።

ይኼኔ ማስተማር ጀመርኩላችሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩ ሰው ነኝና «ሸይጣን የሚባል ነገር የለም፤ ገደሉ ሰፊ ስለሆነ ዓይናችን ርቀቱን አሳስቶ ያሳየናል እንጂ ድንጋዩ ውሃው ጋ ሳይደርስ ዳገቱ ላይ ነው የሚወድቀው...» እያልኩ ተነተንኩ። ያልኩት ልክ ነው። ጠይቃኛለችም። መልሱን ግን ገና አልፈለገችውም ነበር።

የባሰው ቀጥሎ መጣ። ስልኬን አውጥቼ «እስቲ ድገሚው፤ ወደዚህ ዙሪ፤ ሳቂ!» ማለት ጀመርኩ። ለእናቷ ልቀርጽላት ነዋ! ልጅቷ በእጇ የነበረውን ድንጋይ መሬት ጣለችና «ደከመኝ» አለች።

ማታ ቪዲዮውን በኢሞ ላክሁ። እህቴ ወዲያው ደወለች።

«አየሁት። መጀመሪያ ስትወረውር ግን እንዴት ሆነች? ሳቀች? ወይስ ፈራች?»

ምን ልበላት? ያን ጊዜ ጎንበስ ብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ስልክ እየፈለግሁ ነበር። አላየኋትም አልኳት።

«እኔስ ሩቅ ስለሆንኩ ነው፤ አንቺ ምን ሆንሽ?»

በቁጣ አይደለም ያለችው። ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል በዓይኔ አልዞረም።

እኔ ሥነ ልቦና የተማርኩ ሰው አይደለሁም። የምነግራችሁ የማደርገውን ነው። ስትጠራኝ እሄዳለሁ። ጉንዳን ማየት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ ሰዓት ይዤበታለሁ። (እሳት ላይ የጋለ ዘይት ካለ እርግጥ እሷ ትቆይ!) ሄጄም አልናገርም፤ አጠገቧ ቁጢጥ ብዬ እሷ የምታየውን አያለሁ። ካላስተማርኩ የሚያመው ሰው ደግሞ ልጁን ይዞ ጢያ ይሂድ። ከአዲስ አበባ ወደ እኛ ስትመጡ መንገዳችሁ ላይ ነው። 36 ትክል ድንጋዮች አሉ፤ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል። ከተቀረጹባቸው ምልክቶች ውስጥ ሰይፉን ማንም ይለየዋል፤ የሌሎቹ ትርጉም ግን እስከ ዛሬ በቅጡ አልተፈታም። «ይሄ ምንድነው?» ሲላችሁ አብራችሁት አፋችሁን ከመክፈት ሌላ ምርጫ የላችሁም።

አባቶቻችን ይሄ ገብቷቸው ነበር መሰለኝ። ሰባት ቤት ጉራጌ ዘንድ መስከረም 14 ደንጌሳት ነው፤ የልጆች እሳት ማለት ነው። ትልቁ ደመራ ሳይደርስ ልጆች የራሳቸውን እሳት ያቀጣጥላሉ፤ ጎመን ክትፎም በቅቤና በአይብ የሚበላው በዚሁ ቀን ነው። ባለፈው መስከረም ልጅቷን ይዤ አያቷ ጋ፣ ገጠር ሄድኩ። ስልኬን አጥፍቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

እሳቱ ቦግ ሲል ወደ ኋላ ሸሸች። ጣቴን ያዘች። ሌሎቹ ሲጨፍሩ አየችና እጄን ሳትለቅ አንድ እግሯን አነሳች፣ መልሳ አስቀመጠች። ከዚያ ለቀቀችኝ። ጮኸች ብላችሁ! ያወጣችው ድምፅ ሳቅ ይሁን ልቅሶ ለይቼ አላውቅም። አፍንጫዋ ላይ ቅቤ ነበረባት፣ ግንባሯ ላይ ደግሞ አመድ።

ማታ ይህን ሁሉ ለእህቴ በአፌ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝ። «ጣትሽን የያዘችው በየትኛው እጇ ነው?» አለችኝ። በግራዋ አልኳት። «ቅቤውስ፣ ጠረግሽላት?» አልጠረግሁላትም። ሳቀች፤ ስትስቅ ከሰማኋት ስንት ጊዜዋ!

ልጅቷ ስልኩን ነጠቀችኝ። ስለ እሳቱ ታወራለች ስል እሷ ሐረ ሸይጣን ላይ ናት።

«እማዬ፣ ያ ድንጋይ እኮ እስካሁን አልወረደም!»

«እውነትሽን ነው?»

«አዎ! ሸይጣኑ ይዞታል።»

«እንግዲያው እስክመጣ እንዳይለቀው ንገሪው፤ አብረን እናየዋለን» አለቻት እናቷ።

እኔም ስለ ገደሉ ስፋት ትንፍሽ አላልኩም።