ስለ ጽንስ ዕድገትና ስለ አርባ ቀን ዕድል

ከአንባቢዎቻችን አንዱ፤ በመንግሥት ሥራ ላይ ያሉ ሰው፤ ለዚህ ገጽ ደብዳቤ ጽፈውልናል። የመጀመሪያ ልጃቸው የጀርባ አከርካሪው ሳይገጥም ተወልዶ በሦስተኛው ቀን እንደ ሞተባቸው፤ ባለቤታቸውም ሁለተኛ ልጅ ሲመኙ ፍርሃት እንዳደረባቸው ይነግሩናል። የቤቱ ሽማግሌዎች «የአርባ ቀን ዕድሉ ነው» እያሉ ሲያጽናኑ፤ ሌሎች ደግሞ እናቲቱ ነፍሰ ጡር ሳሉ አንድ ነገር አጥፍተው ይሆናል እያሉ ያንሾካሹካሉ። ጠያቂያችንም «እውነቱ የትኛው ነው? ለሚመጣውስ ምን እናድርግ?» ይላሉ። ነገሩ የብዙ ቤት ኀዘን ስለ ሆነ የዛሬውን ዓምዳችንን ለዚሁ ሰጥተነዋል።

የአርባ ቀን ዕድል የሚባለውን አንዳንዶች ሰው ከተፀነሰ ጀምሮ የሚቈጠር ነው ይሉታል። እንግዲህ እኛም በእነዚህ አርባ ቀናት በማሕፀን ውስጥ ምን እንደሚሠራ እንቍጠር።

የወንድ ዘር ከሴት ዕንቍላል ጋራ የሚገናኘው በራሱ በማሕፀን ውስጥ ሳይሆን ከማሕፀን ጐን በተዘረጋው ቀጭን ቱቦ ነው። ከዚያም አንዱ ሁለት፤ ሁለቱ አራት እየሆነ ወደ ማሕፀን ይወርድና በስድስተኛው ቀን ግድም በግድግዳው ላይ መጣበቅ ይጀምራል። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ የእናቲቱ ወር አበባ ሊመጣ ሲገባው ይቀራል። ብዙዎች ግን ይህን ከድካም ወይም ከመንገድ የተነሣ ነው ብለው ያልፉታል፤ ሥራው ግን እስኪያውቁት ድረስ አይጠብቃቸውም።

በሦስተኛው ሳምንት በጽንሱ ጀርባ ላይ እንደ ቅጠል የሳሳ ንጣፍ ይታያል። የንጣፉ ግራና ቀኝ ጠርዝ እንደሚጠቀለል ብራና ወደ ላይ ታጥፎ ይገናኝና ቱቦ ይሆናል፤ ከቱቦው ላይኛ ክፍል አንጎል፤ ከቀረው ሕብለ ሰረሰር ይወጣል። የራሱ ጫፍ በ25ኛው፤ የወገቡ ጫፍ በ28ኛው ቀን ግድም ይዘጋል። የላይኛው ሳይዘጋ የቀረ እንደ ሆነ አንጎልና የራስ ቅል ሳይሟሉ ይቀራሉ፤ እንዲህ ያለውም ልጅ በሕይወት አይቈይም። የታችኛው ሳይዘጋ የቀረ እንደ ሆነ የጠያቂያችንን ልጅ ያገኘው ይደርሳል።

በዚሁ ጊዜ፤ በ22ኛው ቀን ግድም፤ ልብ መምታት ይጀምራል። በአርባው ቀን ጽንሱ ርዝመቱ ከአንድ ሳንቲ ሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ ከባቄላ ፍሬ ጋራ ሊመዛዘን ይችላል። ሆኖም ዓይኑ ቀለም ይዟል፤ መዳፉም የጣቶቹን መሥመር ያሳያል። እንግዲህ ስለ አርባ ቀን የተናገሩት አባቶች ጊዜውን እጅግ አልሳቱም ማለት እንችላለን፤ የማንቀበለው ዕድሉን ሰው አይነካውም የሚለውን ብቻ ነው።

ስለ እናቲቱም ሐሜት ይኸው ቀን መልስ ይሰጣል። በአምስተኛው ወር የተሄደ መንገድ፤ በስድስተኛው ወር ያልተፈጸመ አምሮት፤ በ28ኛው ቀን ሊዘጋ ሲገባው ያልተዘጋውን ሊያመጣው አይችልም። ነገሩ የሚመጣው ከዘርና ከምግብ ተደባልቆ ነው፤ እናቲቱም መፅነሳቸውን ሳያውቁ ያለፈ ስለ ሆነ ሊወቀሱ አይገባም። ጠያቂያችን ይህን ለቤተ ዘመዱ ጮክ ብለው ቢያነቡላቸው እንወዳለን።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንምጣ። ፎሌት የሚባል ቪታሚን አለ፤ በምስር፤ በሽምብራ፤ በባቄላና በጐመን ይገኛል፤ ነገር ግን ብዙ ሲቀቀል ይጐድላል። በመድኃኒት ቤት የሚሸጠው ዓይነቱ ፎሊክ አሲድ ይባላል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1991 የእንግሊዝ ሐኪሞች የመሩት ምርመራ ውጤት ታተመ፤ በ7 አገሮች ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ልጅ የወለዱ 1817 ሴቶች ገብተውበት ነበር። ከመፅነሳቸው በፊት ጀምረው በየቀኑ 4 ሚሊ ግራም ፎሊክ አሲድ የወሰዱት ዘንድ ጕዳቱ ሦስት አራተኛ ያህል ቀነሰ። ፈጽሞ አልጠፋም፤ ይህን መሸሸግ አይገባንም።

ስለዚህ ልጅ ልትወልድ የምትችል ሴት ሁሉ ከመፅነሷ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ጀምራ እስከ እርግዝናው 12ኛ ሳምንት ድረስ በቀን 0.4 ሚሊ ግራም ትወስዳለች። የጠያቂያችን ባለቤት ግን የሚያስፈልጋቸው ዐሥር እጥፍ ነው፤ ይኸውም በሐኪም ትእዛዝ ይሁን። ልዩ ልዩ ቪታሚን የተቀላቀለበትን ክኒን ዐሥር ጊዜ አበዝቶ መዋጥ አደጋ ነው፤ ከመጠን ያለፈ ቪታሚን ኤ ራሱ ጽንሱን ይጐዳልና።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያሳስት ነገር አለ። ሐኪም ሳምንት የሚቈጥረው ከመጨረሻው ወር አበባ መጀመሪያ ቀን ነው፤ ስለዚህ «ስድስተኛ ሳምንት» ሲል ጽንሱ ገና አራት ሳምንቱ ነው። ቱቦው የሚዘጋውም ያን ጊዜ ነው። ወር አበባ ሁለት ጊዜ እስኪቀር ቈይቶ ወደ ሐኪም ቤት የሚሄድ ሰው ክኒኑን ለዚህ ጕዳይ ዘግይቶ ይቀበላል። ጠጅና ጠላም ቢሆን፤ አልኮል በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ጽንሱ ስለሚያልፍ፤ ሴቲቱ ልጅ ካሰበችበት ቀን ጀምሮ ቢቀር ይሻላል። በግብዣ ላይ «አንድ ብርሌ ምን ታደርጋለች» እያሉ የሚያስገድዱትን ባል ይመልስላት።

የቀሩት ወራት የማደግና የመጠንከር ናቸው። በበኵር እርግዝና በሐኪሙ አቆጣጠር በ20ኛው ሳምንት ግድም እናቲቱ እንቅስቃሴውን ታውቃለች፤ በ28ኛው ሳምንት ክብደቱ አንድ ኪሎ ያህል ነው፤ ሳንባው ግን ለመተንፈስ የሚበቃው ዘግይቶ ነው፤ ያለ ጊዜያቸው የሚወለዱትም የሚቸገሩት በዚሁ ነው።

ጠያቂያችን እንግዲህ ክኒኑን ከሐኪም አስቀድመው ያስጽፉ፤ ባለቤታቸውም ሲፀንሱ በመጀመሪያው ቀን የፊተኛውን ልጅ ነገር ሳይሸሽጉ ለሐኪሙ ይንገሩ። በ18ኛውና በ22ኛው ሳምንት መካከል በአልትራሳውንድ መሣሪያ የጀርባው አጥንት መግጠም አለመግጠሙ ይመረመራል። ያን ቀን ያገኙትን ወሬ ቢጽፉልን ደስ ይለናል።