ከምድጃ ዳር እስከ ማተሚያ ቤት

ከአንባቢዎቻችን አንዱ፥ ከፍ ባለ የመንግሥት ሥራ ላይ የሚገኙ የአራት ልጆች አባት፥ ለዚህ ለቤተ ሰብ ዓምድ አንድ ጥያቄ ልከውልናል። ማታ ማታ ከእራት በኋላ ከራሳቸው አሳብ እያወጡ ለልጆቻቸው የሚነግሩት ረጅም ተረት አለ፤ ልጆቹም እጅግ ስለ ወደዱት እንዳይጠፋ ብለው በሦስት ደብተር ጻፉት፤ ነገር ግን ፍጻሜውን ሳይጽፉ ደብተሮቹን በሣጥን ቆልፈው አኑረዋቸዋል። «የመንግሥት ጉዳይ የሚጽፍ እጅ ስለ ዘንዶና ስለሚናገር አውሬ ቢጽፍ መሳቂያ አይሆንምን? ደግሞስ በአፍ የተነገረ ተረት መጽሐፍ እስኪሆን ድረስ በምን መንገድ ያልፋል?» ይላሉ። ስማቸውን እንዳናወጣ ለምነውናልና አናወጣም።

ጥያቄው ሁለት ነው፤ ሁለቱንም በአንድ ሰው ታሪክ ለመመለስ እንሞክራለን። ይህም ሰው በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የጥንታዊ እንግሊዝኛ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር ቶልኪን ናቸው፤ በ1892 ዓ.ም. ተወልደው በ1973 ዓ.ም. ዐረፉ። (በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ዘመን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።) የመጀመሪያው ለልጆች የታተመ ልብ ወለድ መጽሐፋቸው «ሆቢት» ይባላል። ሰውየው ተረት በመጻፍ የሚተዳደሩ አልነበሩም፤ ሥራቸው የቃላትን ሥር መመርመር፥ የቆየ ብራና ማንበብና ተማሪ መፈተን ነበረ።

ነገሩ የጀመረው በማተሚያ ቤት ሳይሆን በገዛ ቤታቸው ነው። በ1920 ዓ.ም. የበኵር ልጃቸው ሦስት ዓመት ሲሆነው፥ ለገና በዓል ከሰሜን ዋልታ የመጣ የሚመስል ደብዳቤ ጻፉለት። ላኪው የገና አባት ነው ተባለ፤ የሽማግሌ እጅ እንዲመስል ፊደሉን እያንቀጠቀጡ ጻፉት፤ ቴምብሩን ስንኳ በራሳቸው ብሩሽ ሥለው ለጠፉበት። ይህን ልማድ እስከ 1943 ዓ.ም. ድረስ በየዓመቱ አላቋረጡም። እንደዚሁም በ1925 ዓ.ም. ወደ ባሕር ዳርቻ ለዕረፍት ወርደው ሳሉ ሁለተኛው ልጃቸው ከእጁ የማይለየውን ከእርሳስ የተሠራ ትንሽ የውሻ መጫወቻ በዚያ ጣለ። ቢፈልጉት ቢፈልጉት አልተገኘም። ልጁ እጅግ ስላዘነ አባቱ አንድ ተረት ፈጠሩለት፤ ውሻው በእውነት ነፍስ ያለው ውሻ ኖሮ አስማተኛ ተቈጥቶ መጫወቻ አድርጎት እንደ ነበረ፥ ከባሕሩ ዳርም ተነሥቶ እስከ ጨረቃ ድረስ እንደ ሄደ ነገሩት። ይህ ተረት የታተመው ደራሲው ከሞቱ ከ25 ዓመት በኋላ በ1998 ዓ.ም. ነው። በዚያ ቀን ግን ማንም መጽሐፍ ነው ብሎ አላሰበውም፤ የሚያለቅስ ልጅ ማባበያ ብቻ ነበረ።

እንግዲህ «ሆቢት»ን እንመልከት። ፕሮፌሰሩ አራት ልጆች ነበሩባቸውና ለቤት ወጪ መደጎሚያ በየበጋው የተማሪዎችን የፈተና ወረቀት ያርሙ ነበር። ይህ ሥራ ምን ያህል አሰልቺ እንደ ሆነ የሠራበት ያውቀዋል። በ1930 ዓ.ም. ገደማ አንድ ቀን ሲያርሙ ከተፈታኞቹ አንዱ አንዱን ገጽ ባዶ ትቶት አገኙ። ደስ አላቸውና በዚያ ባዶ ገጽ ላይ በመሬት ጉድጓድ ስለሚኖር «ሆቢት» ስለሚባል ፍጥረት አንድ ዐረፍተ ነገር ጻፉበት። ሆቢት ማለት ምን እንደ ሆነ ግን እርሳቸውም አያውቁም ነበር። ከዚያም በኋላ ለብዙ ጊዜ ከአንድ የተራራ ካርታ በቀር ምንም አልጨመሩበትም። አንዳንድ ሰው ደራሲ ማለት ታሪኩን ሁሉ አስቀድሞ በልቡ ፈጽሞ የሚቀመጥ ይመስለዋል፤ እኚህ ሰው ግን በእጃቸው የነበረው አንድ ስምና አንድ ካርታ ብቻ ነበረ።

በኋላ ታሪኩ አደገ። ድሎትና መብል የሚወድ፥ ከቤቱ መውጣት የማይፈልግ ቢልቦ የሚባል ትንሽ ሰው፥ አንድ ሽማግሌ አስማተኛና ዐሥራ ሦስት ድንኮች ድንገት ቤቱን ሞልተው፥ ዘንዶ የሚጠብቀውን ወርቅ ለማስመለስ ይዘውት ይሄዳሉ። ይህንንም በክረምት ማታ ከሻይ በኋላ ለሦስቱ ወንዶች ልጆቻቸው ያነቡላቸው ነበር። ከሦስቱ ታናሹ ክሪስቶፈር ገና አራት ወይም አምስት ዓመቱ ሳለ በአንድ ማታ ንባቡን አቋረጠ። ባለፈው ጊዜ የቢልቦ በር ሰማያዊ ነው ተብሎ ነበር፤ የድንኮቹም አለቃ የቆቡ ዘርፍ ወርቅ ነበረ፤ አሁን ግን በሩ አረንጓዴ ሆነ፥ ዘርፉም ብር ሆነ ብሎ ተከራከረ። አባቱ በልጁ ላይ ጥቂት አጕረመረሙና ወዲያው ተነሥተው ወደ ጠረጴዛው ሄደው ስሕተቱን በማስታወሻ ጻፉ። ይህን የተናገረው ልጁ ራሱ ነው፤ አድጎ የአባቱን ጽሑፎች ሁሉ ለኅትመት የሚያዘጋጅ ሊቅ ከሆነ በኋላ በ1987 ዓ.ም. ጻፈው።

ይህ ነገር በእኛም ቤት ያለ ነው። ባለፈው ወር ለትንሹ ልጃችን ስለ አንድ ነጋዴና ስለ በቅሎው ስንነግረው፥ «አባባ፥ ትናንት በቅሎዋ ዳማ ናት ብለውኝ ነበር፤ ዛሬ ለምን ጕራቻ አደረጓት?» ብሎ አፋጠጠን። «ዝም ብለህ ስማ» አልነው። ስለ ፕሮፌሰር ቶልኪን ካነበብን በኋላ ግን ጥፋቱ የእኛ እንደ ነበረ ገባን። ልጁ በቅሎዋን በልቡ አይቷታል፤ ቀለሟን በለወጥንባት ጊዜ ያየውን ነጠቅነው።

ፕሮፌሰሩ ይህን ጉዳይ በኋላ በ1939 ዓ.ም. በስኮትላንድ በሴንት አንድሩስ ዩኒቨርሲቲ ባደረጉት ንግግር በሰፊው አስረድተውታል። የተረት ደራሲ ሰሚው በአሳቡ የሚገባበት ሁለተኛ ዓለም ይሠራል፤ በዚያ ዓለም ውስጥ ሳለን የሚነገረን ሁሉ ለዚያ ዓለም ሕግ የታመነ ከሆነ እናምነዋለን፤ ጥርጣሬ የገባ እንደ ሆነ ግን ወዲያው ከውጭ ቆመን እንቀራለን አሉ። ስለዚህ ዘንዶ ያለበት ታሪክ ዘንዶ ከሌለበት ይልቅ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ስለ ገበያ የሚጽፍ ሰው ቢሳሳት አንባቢው ገበያውን ስለሚያውቅ ራሱ ያቃናዋል፤ ዘንዶ ወዳለበት ተራራ ግን ከደራሲው በቀር መንገድ የሚያሳየው የለም።

ጽሑፉ ከረቂቅ ወደ ረቂቅ ሲሄድ ብዙ ተለወጠ። ዛሬ በዓለም ሁሉ ጋንዳልፍ ተብሎ የሚታወቀው አስማተኛ በመጀመሪያ ሌላ ስም ነበረው፤ ጋንዳልፍ የተባለው የድንኮቹ አለቃ ነበረ። የድንኮቹን ስም ከአንድ የጥንት የሰሜን አገር ግጥም ወሰዱት፤ ከዘንዶው ክምችት ጽዋ መስረቅ የሚለውም አሳብ «ቤዎልፍ» ከሚባለው ከጥንታዊው የእንግሊዞች ቅኔ የመጣ ነው፤ የእኛ ሰው ከግዕዝ ገድልና ድርሳን ስም አንሥቶ ለልጆቹ ተረት እንደሚሠራበት ማለት ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ለውጥ ግን የዘንዶው አሟሟት ነው። በመጀመሪያ አሳባቸው ዘንዶውን የሚገድለው ቢልቦ ራሱ ነበረ፤ ተሸሽጎ ገብቶ ይወጋዋል ብለው አስበው ነበር። ኋላ ግን ይህን ትተው ግዳዩን ለአንድ ቀስተኛ ሰጡት። ለቢልቦ የቀረለት ሥራ፥ ጦርነት እንዳይነሣ ብሎ በእጁ የገባውን የከበረ ዕንቍ አሳልፎ መስጠት ነው። በእኛ አስተያየት መጽሐፉን መጽሐፍ ያደረገው ይህ ነው። ትንሹን ሰው ወደ ገዳይነት ማሳደግ ለደራሲ ቀላል ነበር፤ ልጅ አንባቢ ግን ራሱ ትንሽ ነውና ትንሽ ሆኖ ሊሠራ የሚችለውን ጀግንነት ማየት ይሻላል።

በነገራችን መካከል ለአገራችን አንባቢዎች ደስ የሚያሰኝ አንድ ነገር እናንሣ። ፕሮፌሰር ቶልኪን ይህን ተረት በሚጽፉበት ዘመን፥ በ1932 እና በ1934 ዓ.ም. በሁለት ክፍል ያወጡት አንድ የጥናት ጽሑፍ አለ። ጽሑፉም የጥንት እንግሊዞች ኢትዮጵያውያንን ይጠሩበት ስለ ነበረው ስለ «ሲጌልሄርዋን» ስም የሚመረምር ነው። የቃሉ ፊተኛ ክፍል ፀሐይን ወይም ዕንቍን የሚያመለክት፥ ኋለኛው ደግሞ ከፍምና ከጥቀርሻ ጋራ የሚዛመድ ሳይሆን አይቀርም ብለው ገመቱ። ቀን ስለ እኛ ስም ሲመራመሩ ውለው ማታ ለልጆቻቸው ስለ ዘንዶ ያነቡ ነበር ማለት ነው።

ወደ ጥያቄ አቅራቢያችን እንመለስ፤ እርሳቸው የደረሰባቸው በፕሮፌሰሩም ደርሶ ነበርና። ታሪኩ ዘንዶው እስኪሞት ድረስ በጽሕፈት መኪና ተጻፈና ቆመ፤ የመጨረሻዎቹ ምዕራፎች እንደ ነገሩ በእጅ የተጻፉ ነበሩ። ልጆቹ አደጉ፥ የማታውም ንባብ ቀረ፤ ያለ ሰሚም ታሪኩን የሚያስፈጽመው አልተገኘም። ጽሑፉ ለጥቂት ወዳጆች በውሰት ይሰጥ ነበር፤ ከእነርሱም አንዱ፥ በኋላ ራሳቸው የታወቁ የልጆች ደራሲ የሆኑት ሲ. ኤስ. ሉዊስ፥ በ1933 ዓ.ም. መጀመሪያ አንብበውታል። በ1936 ዓ.ም. ግን አለን ኤንድ አንዊን ከሚባለው የለንደን አሳታሚ ቤት ሱዛን ዳግናል የምትባል ሠራተኛ ወሬውን ሰምታ ጽሑፉን ተዋሰች፤ አንብባም ፍጻሜውን እንዲጽፉ አደፋፈረቻቸው። በዚያው ዓመት ፈጽመው ላኩት። እርስዋ ባትመጣ ኖሮ ዛሬ ስለዚህ መጽሐፍ የምንናገረው ነገር አይኖርም ነበር ብንል ብዙ አንሳሳትም።

የአሳታሚው ቤት አለቃ ስታንሊ አንዊን የልጆችን መጽሐፍ የሚፈርድ ልጅ ነው የሚል እምነት ስለ ነበራቸው፥ ጽሑፉን ለዐሥር ዓመት ልጃቸው ለሬይነር ሰጡት፤ የሥራውም ዋጋ አንድ ሺሊንግ ነበረ። ሬይነርም አንብቦ አስተያየቱን በጽሑፍ አቀረበ። መጽሐፉ ጥሩ ነው፤ ካርታ ከተጨመረበት ሥዕል አያስፈልገውም፤ ከአምስት እስከ ዘጠኝ ዓመት ላሉ ልጆች ደስ ያሰኛል ሲል ፈረደ። ዐሥር ዓመት የሞላው ዳኛ መጽሐፉን ከእርሱ ለሚያንሱት ማስተላለፉን ልብ ይሏል!

ለእርማት ታትሞ የተላከላቸውን ቅጠል ፕሮፌሰሩ በብዙ ቦታ ለወጡት፤ ነገር ግን የአታሚው ድካም እንዳይበዛ አዲሱ ቃል በአሮጌው ቦታ ልክ እንዲገባ አስልተው ጻፉት። ካርታዎቹንና ሥዕሎቹን፥ የመጽሐፉንም ልባስ ራሳቸው ሣሉ። በልባሱ ላይ ፀሐዩንና ዘንዶውን ቀይ ሊያደርጉ ፈልገው ነበር፤ ቀይ ቀለም ወጪ ያበዛል ተብሎ ቀረ። መጽሐፉ በ1937 ዓ.ም. ሴፕቴምበር 21 ቀን በ1500 ቅጂ ወጣ፤ ገናም ሳይደርስ ተሸጦ አለቀ።

ስለ መሳቂያነትም፥ ፕሮፌሰሩ ይህን ፈርተዋል። በዚያ ዓመት ለምርምር የተሰጣቸው ገንዘብ ስለ ነበረ፥ ባልደረቦቼ የምርምሩ ፍሬ ይህ ተረት ነው ይሉኛል ብለው ሠግተው ጽፈዋል። ነገር ግን ልጁ ሬይነር ፍርዱን በሰጠ በወሩ፥ በ1936 ዓ.ም. በኖቬምበር፥ በብሪታንያ ሊቃውንት ጉባኤ ፊት ቆመው ስለ «ቤዎልፍ» ንግግር አድርገዋል። የዚያን ዘመን ሊቃውንት ትልቁን ቅኔ ስለ ዘንዶና ስለ ጭራቅ በመሆኑ ይነቅፉት ነበር፤ እርሳቸው ግን ዘንዶው የቅኔው ልብ ነው እንጂ ነውሩ አይደለም ብለው ተከራከሩ። ይህ ንግግር በሙያቸው ካወጧቸው ሥራዎች ሁሉ እጅግ የታወቀው ሆኗል። ታዲያ ለሊቃውንት ጉባኤ ያላሳፈረ ዘንዶ ለአንድ ጸሐፊ ደብተር ያሳፍራልን?

የተጸጸቱበት አንድ ነገር ግን አለ፤ እኛም ለጠያቂያችን ብንነግራቸው ይጠቅማል። በ«ሆቢት» ውስጥ ተራኪው አልፎ አልፎ ወደ ልጁ ዘወር እያለ በማባበል ቃል ይናገራል። በኋላ ዘመን ፕሮፌሰሩ ይህን እጅግ ጠሉት፤ ልጅን ልጅ ነህ እያሉ መናገር ልጁን መናቅ ነው አሉ። በ1960 ዓ.ም. መጽሐፉን እንደ ገና በሌላ አነጋገር ሊጽፉት ጀምረው ጥቂት ምዕራፎች ከጻፉ በኋላ ተዉት፤ ያነበበ ወዳጅ ጥሩ ነው ነገር ግን ያ መጽሐፍ አይደለም ብሏቸዋልና።

ስለዚህ ጠያቂያችን ሦስቱን ደብተሮች ከሣጥን እንዲያወጡ እንለምናቸዋለን። ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረው በየማታው ጥቂት ጥቂት ያንብቡላቸው፤ ልጆቹ ባቋረጡበት ቦታ ሁሉ በእርሳስ ምልክት ያድርጉ፤ አይቈጡ። አራተኛውን ደብተር ግን ልጆቹ ሳያድጉ ይግዙት። የመጨረሻውን ምዕራፍ ሲፈጽሙ ቢልኩልን፥ በቤታችን ስለ በቅሎ ቀለም የሚከራከር አንድ ዳኛ አለንና አንብቦ እንዲፈርድ እናደርጋለን፤ ሺሊንጉንም እኛ እንከፍላለን።