የቤተሰብ ዓምድ፦ ሳይሰበር ተሰበረ ስለ ተባለው ጆይስቲክ

በመሐል ናይሮቢ የምትገኘው የሉቱሊ ጎዳና ግራና ቀኟ በኤሌክትሮኒክስ ሱቆች የተሞላ መሆኑን በከተማይቱ ያለፉ ሁሉ ያውቁታል። በካረን በሚገኘው ዓለም አቀፍ የሰላም ድጋፍ ማሠልጠኛ ማዕከል ለኮርስ የሚሰነብቱ ጓዶቻችንም በዕረፍት ቀናቸው ወደዚያው ጎራ ብለው ለልጆቻቸው አንድ ነገር ቢሸምቱ የሚያስገርም አይደለም። የዛሬው ጉዳያችንም ከዚያ ጎዳና ተገዝቶ በአንድ ተመላሽ ጓድ እጅ የተላከ ያገለገለ ኮምፒዩተርና የጨዋታ ጆይስቲክ ነው።

ደብዳቤውን የጻፉልን እኅታችን እንዳስረዱት፣ ኮምፒዩተሩ ከሁለት የቆዩ ጨዋታዎች ጋር ደርሷቸዋል። አንደኛው ፕሮ ኢቮሉሽን ሶከር 6 የተባለው የእግር ኳስ ጨዋታ ሲሆን፣ ሁለተኛው ኒድ ፎር ስፒድ አንደርግራውንድ 2 የተባለው የመኪና እሽቅድድም ነው። በኳሱ ጨዋታ ለማቀበል የተጫኑት ቁልፍ ኳሷን ወደ ግብ ይመታታል። በእሽቅድድሙ ደግሞ ነዳጅና ፍሬን አንድ ላይ ሲነኩ መኪናው ግራ የተጋባ ይመስል አልታዘዝ ይላል። አባት ከናይሮቢ በስልክ ይህን ሲሰሙ «ደኅና አድርጌ የላክሁትን ልጁ ጥሎ ሰብሮታል» በማለት ፈርደዋል፤ የአሥራ አንድ ዓመቱ ልጅም «እኔ አልጣልሁትም» እያለ አልቅሶ፣ ጆይስቲኩ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። እኅታችን የሚጠይቁን ሌላ እንግዛ ወይስ እንተወው ብለው ነው።

በእኛ በኩል የምንሰጠው መልስ አጭር ነው፤ አይግዙ። ፍርዱ ማስረጃ ሳይሰማ የተሰጠ በመሆኑ አስቀድሞ ምርመራ ሊደረግ ይገባል፤ ምርመራውም ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም። ጆይስቲኩ ከኮምፒዩተሩ ጋር ከተያያዘ በኋላ፣ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ከ«አር» ፊደል ጋር አንድ ላይ ተጭኖ በሚከፈተው ሣጥን ውስጥ «ጆይ»፣ ነጥብ፣ ከዚያም «ሲፒኤል» በላቲን ፊደል ይጻፋል። የጆይስቲኩ ስም በዝርዝሩ ላይ ሲታይ ፕሮፐርቲስ የሚለው ይከፈታል። በዚያ መስኮት ላይ አንዲት ትንሽ መስቀልና ቁጥር የተጻፈባቸው ቀይ ክቦች አሉ። ዘንጉ ሲገፋ መስቀሏ ተከትላ ከሄደች፣ ሲለቀቅም ወደ መሐል ከተመለሰች፣ እያንዳንዱ ቁልፍ ሲጫንም አንድ ክብ ከበራ ጆይስቲኩ ጤነኛ ነው፤ ልጁም ነጻ ነው። ምርመራውን ልጁ ራሱ በእናቱ ፊት ቢያካሂድ እንመርጣለን።

አንድ ነገር ግን እንዳያሳስት እናስጠነቅቃለን። ከፊት በኩል እንደ ጠመንጃ ምላጭ የሚሳቡት ሁለቱ ቁልፎች በአንድ መስመር ላይ ይታያሉ፤ አንዱ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ሌላው ወደ ተቃራኒው ይስበዋል፤ ሁለቱም አንድ ላይ ሲሳቡ መስመሩ ወደ መሐል ይመለሳል። ይህ ስብራት አይደለም። የእሽቅድድሙ መኪና ግራ የተጋባውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1981 አይቢኤም የግል ኮምፒዩተሩን ሲያወጣ ጆይስቲክ የሚያያዘው አሥራ አምስት ቀዳዳ ባለው መሰኪያ ነበር። ዩኤስቢ እ.ኤ.አ. ከ1996 በኋላ እየተተካው ሄደ። የማያያዣው ገመድ ግን የነገሩ ግማሽ ብቻ ነው፤ ጨዋታውና ጆይስቲኩ የሚነጋገሩበት ቋንቋም አለ። ማይክሮሶፍት በ1990ዎቹ አጋማሽ ዳይሬክት ኢንፑት የተባለውን ቋንቋ አወጣ፤ ጨዋታ ሠሪዎችም ለዓመታት በዚያው ሠሩ። እ.ኤ.አ. በ2005 ኤክስቦክስ 360 ሲወጣ ግን ኤክስ ኢንፑት የተባለ ሌላ ቋንቋ ተከተለ። ወንድማችን የላኩት ጆይስቲክ የኤክስቦክስ ዓይነት ነው፤ የእሽቅድድሙ ጨዋታ ግን የወጣው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ገና ያልተወለደ ቋንቋ እንዴት ያውቃል? ጆይስቲኩ በአሮጌው ቋንቋም ይናገራል፤ ነገር ግን በዚያ ሲናገር ሁለቱን ምላጮች በአንድ መስመር ይጠቀልላቸዋል። አማርኛ ብቻ የሚያውቅ ገዢና ስዋሂሊ ብቻ የሚያውቅ ነጋዴ በጣት ምልክት እንደሚገበያዩት ነው፤ ሁለቱም ጤነኞች ናቸው፣ የጎደለው አስተርጓሚ ነው።

ለኳስ ጨዋታው መፍትሔው ቀላል ነው። ጨዋታው በተቀመጠበት ማኅደር ውስጥ ሴቲንግስ የሚባል ለብቻው የሚከፈት ፕሮግራም አለ። በዚያ የጆይስቲኩ ቁልፎች አንድ በአንድ ይመደባሉ፤ ማቀበያው ማቀበያ፣ መምቻው መምቻ ይሆናል። ለእሽቅድድሙ ደግሞ በጨዋታው መቆጣጠሪያ ገጽ ላይ ነዳጅና ፍሬን በምላጮቹ ፈንታ ለአውራ ጣት ቁልፎች ይሰጡ። ምላጩ ካልቀረ የሚል ካለ፣ አንቲማይክሮ ኤክስ የተባለ ነጻ ፕሮግራም የጆይስቲኩን ቁልፎች ወደ ኪቦርድ ቁልፎች ይተረጉማል፤ የቀኙ ምላጭ ወደ ላይ ቀስት፣ የግራው ወደ ታች ቀስት ይደረጋል። በዚህ ጊዜ በጨዋታው ውስጥ ኪቦርድ መመረጥ አለበት፤ አለበለዚያ አንዱ ትእዛዝ ሁለት ጊዜ ይደርሳል።

ችግሩ የተገላቢጦሽ የሆነባቸው፣ ማለትም አሮጌ ጆይስቲክ ይዘው ኤክስ ኢንፑትን ብቻ የሚያውቅ ጨዋታ የገጠማቸው፣ ኤክስ 360 ሲኢ የተባለውን አስተርጓሚ ይጠቀሙ።

ጆይስቲኩ በምርመራው መስኮት ደኅና ሆኖ ጨዋታው ፈጽሞ የማያየው ከሆነስ? ብዙ የቆዩ ጨዋታዎች ጆይስቲክ የሚፈልጉት ሲከፈቱ አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ፣ አስቀድሞ ጆይስቲኩን ሰክቶ ከዚያ ጨዋታውን መክፈት ይገባል። ሁለት ጆይስቲኮች ከተሰኩ ደግሞ አንዳንዱ ጨዋታ የመጀመሪያውን ብቻ ያያል፤ በዚያው «ጆይ» ብለን በከፈትነው መስኮት አድቫንስድ በሚለው ሥር ለቆዩ ፕሮግራሞች የትኛው እንደሚቀድም መምረጥ ይቻላል። ይህችን ትንሽ ምርጫ ስንቱ ሳያያት ጆይስቲኩን እንደ ጣለ ቤት ይቁጠረው።

ከዚህም የቆዩትን የዶስ ጨዋታዎች ለሚወዱ፣ በዶስቦክስ ሲከፈቱ መኪናው ወይም አውሮፕላኑ ማንም ሳይነካው ወደ አንድ ጎን ይንሸራተታል። የድሮው መሰኪያ የዘንጉን ቦታ የሚያውቀው ኤሌክትሪክ ለመሙላት የሚፈጀውን ጊዜ በመቁጠር ስለነበር፣ ዶስቦክስም ያንኑ አቆጣጠር ይኮርጃል፤ ቆጠራው ሲዛነፍ ዘንጉ የተገፋ ይመስለዋል። በማስተካከያ ፋይሉ ላይ ታይምድ የሚለው «ፎልስ» ቢደረግ ብዙ ጊዜ ይቆማል።

ከላይ የጠቀስናቸው አስተርጓሚ ፕሮግራሞች ከሠሪዎቻቸው ገጽ ብቻ ይወሰዱ። በየመንገዱ በፍላሽ የሚታደል ቅጂ ቫይረስ ይዞ ሊገባ ይችላል። በመሥሪያ ቤት ኮምፒዩተር ላይ መሞከርማ ጨርሶ የሚታሰብ አይደለም።

ናይሮቢ ላሉት ወንድማችንም አንድ ቃል አለን። የልጁ ወንድም አብሮት ይጫወት ዘንድ ሁለተኛ ጆይስቲክ መግዛታቸው ካልቀረ፣ በሁለቱም ቋንቋ የሚናገር ይፈልጉ። ለምሳሌ ሎጂቴክ ኤፍ 310 «ዲ» እና «ኤክስ» የተጻፈበት ትንሽ መቀየሪያ አለው፤ ለአሮጌ ጨዋታ ወደ «ዲ»፣ ለአዲሱ ወደ «ኤክስ» ይገፋል፤ በ«ዲ» ሲሆን ምላጮቹ የተለያዩ ሁለት ቁልፎች ሆነው ይሠራሉ። ገንዘቡን ከመቁጠራቸው በፊት ሻጩ በራሱ ኮምፒዩተር ላይ ሰክቶ መስቀሏንና ቀይ ክቦቹን እንዲያሳያቸው ይጠይቁ። በስዋሂሊ «ቱጃሪቡ» ይባላል፤ እንሞክረው ማለት ነው።