ሬሳው ቁርስ ሲለምን

ደምና ሳቅ የተቀላቀለበት አስፈሪ ፊልም በተነሳ ቁጥር «ሚዛኑን መጠበቅ» የሚሉት ምክር አብሮ ይነሳል። ተመልካቹን አስጨንቀው፣ ከዚያ በቀልድ እፎይ አስብለው፣ መልሰህ አስደንግጠው። ወጥ የሚቀመም ይመስላል። ለእኔ ብዙ ፊልም ያበላሸው ይኸው ምክር ነው። ቀልድ የደም ማጠቢያ ከሆነ ደሙም አያስፈራ፣ ቀልዱም አያስቅ።

የተከታታይ አስፈሪ ፊልሞች ገዳይ የሆነው ፍሬዲ ክሩገር የደረሰበትን ማየት ነው። ዌስ ክሬቨን እ.ኤ.አ. በ1984 በሠራው የመጀመሪያው ፊልም ፍሬዲ ያሾፋል፤ አንዷን ልጅ ፊት ለፊት አቁሞ፣ እየሳቀ የገዛ ጣቱን ይቆርጣል። ሹፈቱ እሷን ለማሸበር እንጂ እኛን ለማጽናናት አልነበረም። በ1991ዱ ተከታይ ፊልም ግን አንዱን ወጣት ቪዲዮ ጌም ውስጥ ከትቶ እየተጫወተ ይገድለዋል። ተዋናዩ ያው ሮበርት ኢንግለንድ፣ ፊቱም ያው የተቃጠለ ፊት፤ ፍርሃቱ ግን የለም። ከግድያው ጋር የሚመጣው ቀልድ «አይዞህ፣ የምር አይደለም» እያለን እንዴት እንፍራ?

በተቃራኒው፣ ጆን ላንዲስ በ1981 ባወጣው «አን አሜሪካን ዌርዎልፍ ኢን ለንደን» ሁለት አሜሪካውያን ጓደኛሞችን እንግሊዝ አገር በሌሊት አውሬ ያገኛቸዋል። ጃክ ይሞታል፣ ዴቪድ ይተርፋል። ዴቪድ ለንደን ሆስፒታል አልጋው ላይ ቁርስ ቀርቦለት ሳለ ሟቹ ጃክ ይመጣል። ጉሮሮው ተዘልዝሏል፤ አንገቱ ላይ የተንጠለጠለች ቁራጭ ሥጋ ባወራ ቁጥር ትወዛወዛለች። የሚጠይቀው ምን መሰላችሁ? የተጠበሰ ዳቦ። ስለ ቀብሩም ያወራል፦ ሲመኛት የኖረችው ልጅ አምርራ አለቀሰች፣ ለመጽናናትም ከሌላ ወንድ ጋር አደረች። እንስቃለን፤ ዓይናችን ግን ከዚያች ሥጋ አይነሳም። ሜካፕ ሠሪው ሪክ ቤከር (በዘርፉ የመጀመሪያውን ኦስካር የወሰደው በዚህ ፊልም ነው) ቁስሉን በጨለማ አልሸፈነውም። ቀልዱም ቢሆን ጭንቀቱን አላቀለለውም፤ የሞተው ሰው ምን ዓይነት ጓደኛ እንደነበር ነገረን እንጂ። ለቅሶ ቤት ተቀምጦ የሟች ጨዋታ ትዝ ብሎት ሳቅ ያመለጠው ሰው ይህን ያውቃል። ሳቁ እንባውን ያባብሰዋል።

ኤድጋር ራይት በ2004 «ሾን ኦቭ ዘ ዴድ» ላይ ነገሩ ገብቶታል። የሾን እናት በዞምቢ ተነክሳ ሰው ላለማስቸገር ብላ ትደብቀዋለች። ፊልሙን ሙሉ የሳቅንበት የእንግሊዞች ይሉኝታ ነው። በኋላ ልጇ ጠመንጃ ሊያዞርባት ግድ ሲሆን፣ የሳቅንበት ነገር ራሱ ጉሮሯችን ላይ ይቆማል።

የፒተር ጃክሰን ፊልም «ብሬይንዴድ»ስ እንዴት ነው የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፣ ጀግናው የሣር ማጨጃ ማሽን ታቅፎ ዞምቢዎቹን ሲያጭድ፣ ወለሉ ላይ በፈሰሰው ደም ሲያዳልጠው ማንም አያለቅስም። ግን እዚያስ ሚዛኑ የታለ? ጃክሰን ወለል እስኪሞላ አፈሰሰው፤ ያሳቀንም መትረፍረፉ ነው።

ወደ ላንዲስ ፊልም እንመለስና፣ ሟቹ ጃክ እንደሆነ በመጣ ቁጥር ይበልጥ እየበሰበሰ ነው። ፒካዲሊ ሲኒማ ቤት ውስጥ ለመጨረሻ ጊዜ ሲገናኙ አጥንቱ ብቻ ሊቀር ጥቂት ቀርቶታል። ዴቪድ ራሱ ወደ አውሬነት ተለውጦ የገደላቸው ሰዎችም በደም እንደተነከሩ ወንበር ይዘው፣ እንዲሞትላቸው በትህትና ያግባቡታል። ጃክ አሁንም ይቀልዳል።